ዝናብ ከመንገድ ያላስቀራቸው የወይዘሮ ቤሪል ኤንትዊስል ዜና ሕይወት

ወይዘሮ ቤሪልን ለመሸኘት ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ፣ እርጥብ ጃንጥላችሁን ከደጃፉ ትታችሁ በዚህ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፣ ስለ ሕይወታቸው የተዘጋጀውን ይህን አጭር ታሪክ በትዕግሥት ታደምጡ ዘንድ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል።

ወይዘሮ ቤሪል ከአባታቸው ከአቶ ሃሮልድ ክሌግና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በላንካሸር አውራጃ በበርንሊ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በጥጥ ፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ፣ እናታቸውም በዚያው ፋብሪካ ሸማኔ ስለነበሩ፣ ወይዘሮ ቤሪል ጨርቅን በጣት ዳስሰው መለየትን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት እንዳወቁ ይነገራል። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ ከሙያ ኮሌጅ በልብስ ስፌት በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ መጀመሪያ በመጋረጃ ፋብሪካ፣ ኋላም በተማሩበት ኮሌጅ የስፌት መምህርት ሆነው ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ አገልግለዋል። ከተማሪዎቻቸው መካከል ዛሬ በዚህ የተገኙት እንደሚመሰክሩት፣ የተጣመመ ስፌት አይተው ዝም ብለው አልፈው አያውቁም፤ ይሁን እንጂ ስፌቱን በሚያስፈቱበት ጊዜ ከተማሪው ጎን ተቀምጠው አብረው ይፈቱ ነበር።

የአውቶቡስ መካኒክ ከነበሩት ከአቶ ኖርማን ኤንትዊስል ጋር በ1968 ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ልጅ፣ ወይዘሮ ጂሊያንን አፍርተዋል። ባልና ሚስቱ ጡረታ ከወጡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አልጋና ምድጃ በውስጧ የያዘች አንዲት ያገለገለች የጉዞ መኪና ገዝተው፣ አቶ ኖርማን ሞተሯን ፈታተው ሲገጥሙ ወይዘሮ ቤሪል መጋረጃዋንና የመቀመጫዋን ልብስ ሰፉላት፤ ከዚያም ወዲህ አርብ አርብ ምሳ እንደበሉ፣ ሞስ ብለው የሰየሙትን ጥቁርና ነጭ ውሻ ከመካከላቸው አስቀምጠው፣ የአየር ትንበያው ያለውን ቢል፣ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ወይም ወደ ኮረብታው አገር ይወጡ ነበር።

የጉዞ መኪኖች በሚያድሩበት የካምፕ ሜዳ ያደረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እንዲህ ያለችን መኪና ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ ቀድመው የደረሱት ጎረቤቶች ደግሞ በየመስኮታቸው ሻያቸውን ይዘው እንዳላዩ ሆነው ያያሉ። ምልክት መስጠቱ የወይዘሮ ቤሪል ድርሻ ስለነበር፣ ዶፍ እየወረደባቸው «ግራ አልኩህ እኮ፣ ኖርማን። ግራ ማለት ወደዚያ ወደ ዛፉ ነው» ሲሉ፣ አቶ ኖርማን አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ዛፉ የት እንዳለማ በቀደም የገጨሁት ጊዜ አይቼዋለሁ» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር።

በ2016 አቶ ኖርማን በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ ወይዘሮ ቤሪል ትንሿን የቤት መኪናቸውን ከመንዳት በቀር የጉዞ መኪናይቱን መሪ ጨብጠው አያውቁም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከባለቤታቸው ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ምግብ እየቀነሱ፣ ሰውም ሲመጣ በር ለመክፈት እየዘገዩ ሄዱ። የእናታቸው ነገር ያሳሰባቸው ወይዘሮ ጂሊያን አንድ እሑድ መጥተው ሐሳባቸውን ገለጹ።

«እማዬ፣ መኪናዋ ትሸጥ። ከኋላሽ ማን ሊቆምልሽ ነው? ሞስ ነው ምልክት የሚሰጥሽ?»

«ከአባትሽ ሳይሻል አይቀርም። ውሻው ቢያንስ አፍ አይመልስልኝም።»

ለወይዘሮ ቤሪል ጉዳዩ የመኪና ጉዳይ አልነበረም፤ ያች መኪና ከደጃፋቸው ከተነሣች ከዚያ ወንበር ፊት ዳግመኛ እንደማይነሡ በልባቸው ያውቁ ነበርና። ስለዚህም ከልጃቸው ጋር ተስማሙ፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻቸውን ከሞስ ጋር ሄደው ጉዳት ሳይደርስ ቢመለሱ መኪናይቱ ትቀመጣለች፣ ጉዳት ቢደርስ ግን ትሸጣለች።

ከበርንሊ በጠራ ፀሐይ ተነሥተው ዌልስ ጠረፍ ሲደርሱ ዝናቡ በጎን ይገርፍ ነበር። የተሰጣቸው ቦታ በሁለት መኪኖች መካከል ያለ ጠባብ ቦታ ሲሆን፣ ከኋላው የድንጋይ አጥር ነበረው። ሞከሩ፤ አልሆነም፤ ደግመው ሞከሩ። በየመስኮቱ መጋረጃ ተነቃነቀ እንጂ የወጣ ሰው አልነበረም፤ ሳይጠየቁ መርዳት በእኛ ዘንድ ችሎታህን ንቄአለሁ እንደማለት ይቆጠራልና። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ቤሪል፣ በሕይወታቸው ሙሉ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው በአቅራቢያቸው ወዳለው መኪና ተጣሩ።

«እርስዎ፣ ሻይ የያዙት። ሲያዩኝ አይቻለሁ። እባክዎ መጥተው ከኋላዬ ይቁሙልኝ።»

የተጠሩት፣ ዛሬ በመካከላችን የተገኙት አቶ ክላይቭ ራምስደን፣ በነጠላ ጫማ ወጡ። «እመቤቴ፣ ባልሳሳት የተሳሳተ ሰው ነው የጠሩት። እኔ ባለፈው ወር አጥር አፍርሻለሁ» አሉ።

«እንግዲያው አጥር ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ስደርስበት ይንገሩኝ።»

መኪናይቱም አጥሩን ሳትነካ ገባች። በማግሥቱ ሰማዩ እንደታጠበ ብርጭቆ ጠርቶ ስለነጋ፣ ወይዘሮ ቤሪል የእርጥብ ውሻ ሽታ እንዲወጣ ብለው የጣሪያውን መስኮት ከፍተው፣ ከሞስ ጋር በአሸዋው ላይ ረጅም መንገድ ሄዱ። በአገራችን የጣሪያ መስኮት ከፍቶ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ለማንኛችንም አዲስ አይደለም፤ ሲመለሱ በረዶውና ዝናቡ አንድ ላይ ገብተው ፍራሹ ውሃ ጠጥቶ ጠበቃቸው። እርሳቸውና ውሻው በጠባቡ መቀመጫ ላይ ተጣጥፈው አደሩ።

ፍራሹን ደብቀው ማድረቅ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን እሑድ ማታ ቤት እንደገቡ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሁሉንም በዚያ ሲጠብቋቸው ለነበሩት ልጃቸው ነገሩ።

«ታዲያ ምን ተባባልን፣ እማዬ? ጉዳት ከደረሰ ትሸጣለች አልነበር ያልነው?»

«ጉዳት የደረሰው ፍራሹ ላይ ነው። ፍራሹን ሽጪው።»

ወይዘሮ ጂሊያን ለመቆጣት አስበው እንደነበር ዛሬም ይናገራሉ፤ ነገር ግን አባታቸው ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናታቸው ፊት በነፋስ ቀልቶ፣ ዳቦውን ቆመው ሲበሉ ስላዩ፣ የመሸጡን ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ወይዘሮ ቤሪልን ያላወቀ የካምፕ ሜዳ በሰሜኑ አገር ጥቂት ነው። አዲስ መኪና ሲመጣ፣ ጭጋግም ይሁን ዶፍ፣ ቀድመው ወጥተው ከኋላ የሚቆሙት እርሳቸው ነበሩ፤ ሌሎችም እርሳቸውን አይተው አፍረው ሻያቸውን እያስቀመጡ ይወጡ ጀመር። የሰውን ድንኳን ተጣሞ ካዩ ሳያቃኑ አይመለሱም ነበርና፣ ይህን ጠባያቸውን ሁሉም ሰው ወድዶት ነበር ማለት አይቻልም፤ በነፋስ ሌሊት ግን የእርሳቸው እጅ ያቃናው ድንኳን አይነቀልም ነበር።

ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። አንድ አርብ በመስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ብስክሌተኛን ዘግይተው በማየታቸው፣ ምንም እንኳ ማንም ባይጎዳ፣ መኪናይቱን ከመንገዱ ዳር አቁመው ለልጃቸው ስልክ ደወሉ። «ጂሊያን፣ ከእንግዲህ እኔ አልነዳም። በባቡር ነይና ንጂን፤ የሻይ ውሃ ጥጃለሁ» አሉ። መሪዋን ነክተው የማያውቁት ወይዘሮ ጂሊያንም መጡ፤ ከዚያም ዕለት ጀምሮ አርብ አርብ የሚነዱት እርሳቸው ሆኑ።

በመጨረሻም ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልጃቸው ከአልጋቸው አጠገብ አልነሣ ቢሉ፣ ወይዘሮ ቤሪል ዓይናቸውን ገልጠው ቀኑን ጠየቁ።

«አርብ ነው፣ እማዬ።»

«ውጭው እንዴት ነው?»

«ዶፍ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ? እኔን እያየሽ ተቀምጠሽ እንዳትቀሪ። ውሻውን ይዘሽ ሂጂ።»

ወይዘሮ ጂሊያን እያለቀሱ ሄዱ፤ እሑድ ከቀትር በኋላም ሞስ የተንከባለለበት የባሕር አረም ሽታ ከልብሳቸው ሳይለቅ ተመልሰው፣ በአንድ ቀን ፀሐይ፣ በረዶ፣ ጭጋግና ነፋስ እንደተፈራረቁባቸው ነገሯቸው። እናታቸውም እስከ መጨረሻው አድምጠው «ሽታሽ ቀድሞሽ ገብቷል» አሉ፤ ፈገግ እንዳሉም እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ በዚያው በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጃቸው ወይዘሮ ጂሊያን፣ አማቻቸው አቶ ስቱዋርት፣ የልጅ ልጆቻቸው ሮዊና እና ፊን፣ እኅታቸው ወይዘሮ ኤድና፣ በየካምፑ ያፈሯቸው ወዳጆች፣ በዚህ ሰዓት በደጁ ተኝቶ የሚጠብቀው ሞስም ከኋላቸው ቀርተዋል። ፀሐይንም ዝናብንም በፈቃዱ የሚሰጥ እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ በማይናወጥ ማረፊያ ይቀበልልን፤ የቀረነውንም ሐዘን ከቤት ሳያስቀረን፣ በሰጠን ቀን ሁሉ ተነሥተን እንድንወጣ ኃይሉን ይስጠን። አሜን።