ጠንካራ ተጋጣሚ ይስጣቸው

ሮም ውስጥ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በተነሳው ትራም ላይ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ በአማርኛ ያወራሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበሩ፤ እስቲ ይፍረዱኝ። አሜሪካ ያለው ልጄ የሚጫወትበት ኮሌጅ፣ ሊጉ እስኪጀመር ተጋጣሚውን ራሱ ነው የሚመርጠው አሉ።»

«አዎ፣ እዚያ እንደዚያ ነው።»

«ዘንድሮ ደካማ ደካማውን መረጡ!»

«አሎራ፣ ታዲያ ምን አስከፋሽ? በሰፊው ሲመሩ እንደ ልጅሽ ያለውን ተቀያሪ ተጫዋች ያስገቡታል። ከጠንካራ ጋር ከሆነ ግን ወንበር ሲያሞቅ ነው የሚውለው።»

«ይዋል! እኔማ ጠንካራ እንዲደርሳቸው ለማርያም ጥላ ተስያለሁ።»

«ኧረ በስመአብ! ልጅሽ እንዳይሰለፍ ትሳያለሽ?»

«የደካማዎቹ ጨዋታ እዚህ አይታይማ፣ ጋሼ። የትልልቆቹ ነው የሚተላለፈው። አምና አንዱን የምሠራላት ሲኞራዬ ቤት ሆኜ በስልኬ አየሁ።»

«አላስገቡትማ።»

«አላስገቡትም። ግን አሰልጣኙ ሲቆጣ ካሜራው ወደ ተቀያሪዎቹ ዞረ። ልጄ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ጢም አብቅሏል፣ ጋሼ። ለእኔ አልነገረኝም።»

«በአካል ካየሽው ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደስ ብዬ ስጠብቅ ሦስት ዓመት አለፈኝ።»



«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ፤ «ጠንካራ ይስጣቸው።»

«አሜን። አሰልጣኙንም ቁጡ ያድርግልኝ።»

መውረጃዬ ፒኜቶ ነበር፤ ትራሙ ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ መልሶ ሲዘጋ ከወንበሬ ሳልነሳ አየሁት።