የተዘጋው የጳጉሜ ጥያቄ

ከፍላቂት ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ ቄስና ላፕቶፑን ያቀፈ ወጣት ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ እንዲህ የተከዝከው?»

«ለሆቴል የእንግዳ መመዝገቢያ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር፣ አባ። ጳጉሜን አልቀበል አለኝ። የሙያው ሰዎች በኢንተርኔት የሚጠያየቁበት ቦታ አለ፤ እዚያ ብጠይቅ ማንም እንዳይመልስበት ጥያቄዬን ዘጉት።»

«ለምን?»

«‹አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም፣ ጥያቄው ስህተት ነው› ብለው።»

«ወይ ጉድ! አንተስ ዝም አልክ?»

«የት ዝም እላለሁ! ይከፈትልኝ ብዬ ተሟገትኩ። በመጨረሻ አንዱ መጣና ‹ይህ ወር ስንት ቀን አለው?› አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ሰደብኩት።»

«ከዚያስ?»

«በኋላ ሳየው፣ ለካ ይከፈትለት እያለ ሲከራከርልኝ የነበረው እሱ ብቻ ኖሯል። ስድቤን አይቶ ተወኝ። እኔንም አገዱኝ።»

ቄሱ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። ይችን ማለት አቅቶህ ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ ለወንድሜ ልልክለት የጻፍኩትን የቁጣ መልእክት አንዴ ደግሜ አነበብኩትና አጠፋሁት።