እትዬ ቀስበይና የኤርፖርቱ የውበት ሳሎን

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ቤታችሁን ዘግታችሁ እህታችንን ለመሸኘት በዚህ የተሰበሰባችሁ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ደንበኞችና ወዳጅ ዘመዶች፤ ይህን የሕይወት ታሪክ ጽፎ የሚያነብላችሁ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በሕይወት ሳሉ «አንቺ» ሲላቸው የኖረ ሰው ዛሬ «እርሳቸው» እያለ ለማንበብ መገደዱ ራሱን የቻለ ሞት ነውና፣ አንደበቱ ቢሰናከል ታገሡት።

እህታችን የተወለዱት የጽሕፈት መኪና ይጠግኑ ከነበሩት አባታቸውና በቤታቸው ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ሲሆን፣ ከቤቱ ልጆች ሦስተኛዋ፣ ከሴቶቹ ደግሞ የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባታችን አንዲት የተጣመመች ፊደል ለማቃናት ግማሽ ቀን የሚፈጁ፣ ደንበኛ ሲያጣድፋቸውም «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ነበሩና፣ እህታችን የእጅ እርጋታን የወረሱት ከእርሳቸው እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ይስማማል። ሌላ ውርስ ስላልነበረ በዚህ የተጣላ የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰም በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው በመልካም ውጤት ሲማሩ የቆዩ ሲሆን፣ አንድ ጠባይ ግን ከመምህራን ጋር ያጋጫቸው ነበር፤ ከፊታቸው የተቀመጠችውን ልጅ ፀጉር በትምህርት ሰዓት ይጎነጉናሉ። የሒሳብ መምህሩ ተቆጥተው ከፊታቸው ማንም በማይቀመጥበት በመጀመሪያው ረድፍ ቢያስቀምጧቸው፣ ወደ ኋላ ዞረው የኋለኛዋን ልጅ ጀመሩ። መምህሩም ተስፋ ቆርጠው ተዉአቸው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲያጠናቅቁ ቤተሰቡ የቢሮ ሥራ ቢመኝላቸውም፣ እርሳቸው ግን ሰዉ ሁሉ «እማማ ካስክ» ይላቸው ከነበሩት ስመ ጥር የፀጉር ባለሙያ ዘንድ ገብተው፣ መጀመሪያ ወለል እየጠረጉና ፎጣ እያጠቡ፣ ቀጥሎም ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለሉና ቀለም እየበጠበጡ ሙያውን ከሥሩ ተማሩ። እማማ ካስክ ለተማሪዎቻቸው አጥብቀው ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ በውበት ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰዓት እንዳይሰቀል ነበር፤ ሴት ልጅ ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ከባል፣ ከልጅና ከአለቃ ጥሪ ጥቂት ለማረፍ ነውና፣ ሰዓት ያየች እንደሆነ አንገቷ ይገተራል፣ አንገቷ ከተገተረ ደግሞ ሥራው አያምርም ይሉ ነበር። እህታችን ይህን ቃል እንደ ሃይማኖት ያዙት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላም በተከራዩት ቤት የመንገድ ዳር ክፍል የራሳቸውን ሳሎን ከፈቱ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ራስ ላይ የሚደፋ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የፀጉር መታጠቢያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ተራ ለሚጠብቁ የተዘረጋ ረጅም አግዳሚ ነበረው። ወንበሩ ላይ የምትቁነጠነጥ ሴት ሁሉ «ቀስ በይ እንጂ እናቴ፣ ማን አባረረሽ!» ስለምትባል፣ ሰፈሩ «እትዬ ቀስበይ» ብሎ ሰየማቸው፤ ስማቸውንም የሚያውቅ እየጠፋ ሄደ። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት እናቶች ብዙዎቻችሁን የሞሸሩ፣ ከወሊድ በኋላ ፀጉራችሁ ሲነቃቀል እያጽናኑ ያከሙ፣ ስታለቅሱ በፀጉር ማድረቂያው ፎን ድምፅ ልቅሷችሁን የሸፈኑላችሁ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት የገባች ከሰዓት ትወጣለች፤ የወጣችው ግን ተመልሳ ሳትመጣ አትቀርም ነበር።

በዚሁ ዘመን በኤርፖርቱ የሻንጣ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር በሕግ ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዝምተኛ ቢሆኑም ሚስታቸውን በማድነቅ ረገድ ግን አፋቸው አያርፍም፤ ሻንጣ የሚያነሡ ጓደኞቻቸው «ደግሞ ስለ ሚስቱ ሊጀምር ነው» እያሉ ይሸሿቸው እንደነበር አሁንም ያወራሉ። ልጃቸውም በደንብ ተምራ በንግድ አስተዳደር ተመረቀች።

የኤርፖርቱ ነገር የተጀመረው አንድ ቀን እራት ላይ ነው። ባለቤታቸው በመጠበቂያው አዳራሽ የሚያዩትን ሕዝብ ሲያወሩ፣ ይህ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ከሚቀመጥ አንዲት ባለሙያ ቅንድቡን ብታስተካክልለት፣ ጥፍሩን ብትቀባለት ምን አለበት የሚል ሐሳብ አመጡ፤ እትዬ ቀስበይም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሌላ ሕልም አላለሙም። ልጃቸው ሐሳቡን ተቀብላ አጠናችው፤ ከመቶ መንገደኛ አንዱ እንኳ ቢቀመጥ ወንበሩ አይጾምም አለች። ስሌቱ ስሕተት አልነበረበትም። ያልታሰበው አንድ ነገር መንገደኛ ገና ሳይሄድ የሄደ ሰው መሆኑ ነው፤ አካሉ አግዳሚው ላይ ቢቀመጥም ልቡ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አስሯል። ታላቅ ወንድማቸው በበኩሉ ነገሩ አላማረኝም ቢል «አንተ ደግሞ ሠርግ ላይም ልቅሶ ይታይሃል» ተባለ፤ እውነት ነው፣ ይታየዋል።

እትዬ ቀስበይ የሰፈሩን ሳሎን በልጅነቷ ተቀብለው ሙያውን እያስተማሩ ካሳደጓት ረዳታቸው እጅ አስረክበው፣ ያፈሩትን ሁሉ ይዘው ኤርፖርት ገቡ። ያገኙት ቦታ ከፍተሻው ወዲያ፣ በሽቶ መሸጫውና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ የመስታወት ክፍል ነበር። በየጠዋቱ ጫማቸውን አውልቀው ይፈተሻሉ፤ መቀሳቸው ለደኅንነት ሲባል በሰንሰለት ከጠረጴዛው ጋር ታስሮ ስለሚውል፣ የደንበኛን ማጅራት ለመከርከም ደንበኛዋን ከነወንበሯ ወደ መቀሱ መሳብ ነበረባቸው። እርሳቸው ግን በዚህ ሁሉ ይስቁ ነበር። ሰው ሕልሙ ሲደርስለት ሰንሰለቱም አምባር ይመስለዋል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የበረራ አስተናጋጆችም፣ ለማየት የጓጉ መንገደኞችም ይመጡ ስለነበር፣ ቤቱ እሰይ አለ። ቀስ በቀስ ግን እውነቱ ገሃድ ወጣ። ሰዉ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አቅፎ ይቀመጣል፤ የድምፅ ማጉያው ባንሾካሾከ ቁጥር ይነሣል። አንዷ ግማሽ ራሷ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ሮጣ ወደ አውሮፕላኑ ገብታለች፤ እትዬ ቀስበይም ተከትለዋት ሲሮጡ ጥበቃ ያዛቸው። ለቢጎዲኑ አልነበረም የሮጡት፤ ያቺ ሴት እንዲያ ሆና በሰው ፊት መውረዷ አንገብግቧቸው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቤተሰቡ እንዲዘለል ፈልጎ ነበር፤ ሳይነገር ቢቀር ግን እህታችንን የገደለው ምን እንደሆነ አይታወቅም። ወደ እናቷ ቀብር የምትሄድ አንዲት ሴት፣ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ፊቷ ያበጠ፣ ፀጉሯ የተበታተነ፣ በዘመድ ፊት እንዲህ ሆኜ አልቅረብ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ቀስበይም ራሷን በለብ ያለ ውሃ አጠቡላት፣ ዓይኗን በእርጥብ ፎጣ ሸፈኑላት፣ ፀጉሯንም እንደ ልጅ ፀጉር እያባበሉ አደረቁላት። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ላላ፤ እንቅልፍም ሸለብ አደረጋት። በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰዓት አልነበረም። የፎኑ ድምፅ የአዳራሹን ጥሪ ዋጠው፤ አውሮፕላኑም ሄደ፤ እናቷም ልጃቸው ሳትደርስ ተቀበሩ። ሴትዮዋ ብትሳደብ፣ ብትከስስ በተሻለ ነበር። እርሷ ግን እስከ አውሮፕላኑ መግቢያ ሮጣ ተመልሳ መጥታ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ በጸጥታ አለቀሰች፤ ሁለቱም አብረው አለቀሱ።

በማግስቱ እትዬ ቀስበይ የአስተማሪያቸውን ቃል ሽረው፣ ከበሩ ትይዩ ትልቅ ሰዓት ሰቀሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰዓቱን ያየ ሁሉ ወንበሩን ማየት ተወ፤ መግቢያው ድረስ መጥቶ ቀና ይልና «ውይ፣ አይደርስልኝም» ብሎ ይመለሳል። ቢያወርዱት የሰው ቀብር ያስቀራል፤ ቢሰቅሉት ደንበኛ ያባርራል። በአሥር ደቂቃ ቅንድብ፣ በአሥር ደቂቃ ጥፍር የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ እጃቸው ግን መጣደፍን ዕድሜ ልኩን አልተማረምና፣ አንድ ቀን አንዲት ልጅ አንዱ ቅንድቧ ከአንዱ ሳይገጥም ሄዳባቸው፣ ለሳምንት እህል አልዋጥ አላቸው። ወደ ሰፈር እንዳይመለሱ ሳሎኑ የረዳታቸው ሆኗል፤ ያሳደጓትን ልጅ ውጪልኝ ማለት ደግሞ የእርሳቸው ጠባይ አልነበረም። እንዲያው ከሁለት ያጣ ሆኑ።

በዚህ መካከል ለዓመታት ከቀለምና ከመድኃኒት ጋር የከረመው ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞች ከአልጋ እንዳይነሡ ሲያዝዙ፣ ሳሎኑን ለአንዲት ሠራተኛ ትተው ተኙ። ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ ጭራሽ ሰው አጣ፤ ባለቤታቸውና ልጃቸውም ለእርሳቸው ሳይነግሩ ዘጉት። በሽተኛን ማስደንገጥ አይገባም ተባለ። እትዬ ቀስበይ ግን ከሚጠይቃቸው ሰው ሁሉ «ዛሬስ ሰው ገባ?» ሳይሉ አይውሉም፤ ባለቤታቸውም «ኧረ መቀመጫ ጠፍቶ!» ይላሉ፤ ልጃቸውም ትደግማለች። ሠራተኛዋ ማምሻውን እየመጣች፣ ወደ መኝታ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ከሥራ የመጣች እንድትመስል እጇን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ታሽ ነበር። ከዚያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ያልመጡ ሙሽሮችን፣ ያልተቀቡ ጥፍሮችን እየተረከች ታስቃቸዋለች። ቤተሰቡ ይህን ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ይህን የሚጠራጠር ካለ ታላቅ ወንድማቸውን ያነጋግር።

ሆኖም የሰሙት ደስታ አላስተኛቸውም። ቤቱ ይህን ያህል ከሞላ ያቺ ልጅ ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች፣ እኔ እዚህ ተጋድሜ እርሷ ልትሞትብኝ ነው ወይ ማለት አመጡ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን ተነሥተው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የሥራ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በታክሲ ኤርፖርት ሄዱ። ፍተሻው ላይ ጫማቸውን ለማውለቅ ማጎንበስ አቅቷቸው ጠባቂው እንዳወለቀላቸው ራሱ እያለቀሰ ነግሮናል። ሲደርሱ መዝጊያው ወርዷል፤ ወንበሮቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ መስታወቱ ላይ ቦታው እንደሚከራይ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዳር ዳሩም ከመቆየቱ ብዛት ተጣጥፏል።

እትዬ ቀስበይ አልጮኹም፣ አልወደቁም። ትይዩ ካለው የመንገደኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጠባቂው ጠርቷቸው ባለቤታቸው ከሻንጣው ክፍል እየሮጡ ሲመጡ፣ እንደ ዘወትሩ ቀና ብለው አይተዋቸው «ዛሬስ ሰው ገባ?» አሏቸው። ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ፤ ሁለቱም የተዘጋውን በር ሲያዩ ቆዩ።

ከዚያች ቀን ወዲህ እህታችን ስለ ሳሎኑ ጠይቀው አያውቁም። ስለ ሌላም ነገር አልጠየቁም። ውጭ ዘነበ ሲሏቸው፣ ሐኪሙ ተሽሎሻል ብሏል ሲሏቸው፣ እንወድሻለን ሲሏቸው፣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት ፈገግታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ የቱን አምነው የቱን እንዳላመኑ ግን ማንም አላወቀም። የልጃቸውም መከራ ይኸው ነው፤ እናቷ ከማረፋቸው በፊት የነገረቻቸው የመጨረሻ ቃል፣ እወድሻለሁ ማለቷ፣ እውነት ሆኖ ሳለ፣ እንደ እውነት ተሰምቶላት ይሁን አይሁን እስከ ዕለተ ሞቷ አታውቅም። እንዲህ ሆነው ጥቂት ሳምንታት ሰንብተው፣ በትናንትናው ዕለት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ወንድሞቻቸውንና እህታቸውን፣ ያሳደጓትን ረዳታቸውንና በእጃቸው ያለፉ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ደንበኞችን ትተው አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ቀን ሟች በሰላም አረፉ ማለት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን አይባልም፤ ለእርሳቸው ከእንግዲህ ውሸት ይብቃ። ያ ሳሎን አልሠራም፣ እትዬ ቀስበይ። ሰው አልገባም። ይህን በጊዜው ልንነግርዎ ይገባ ነበር። እኛ ዕረፍት እንዲያገኙ ብለን እውነቱን ነፈግናቸው፤ በመጨረሻም ሁለቱንም አሳጣናቸው። ፈጣሪ ሁለቱንም ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጃቸውም ራሳቸውን ይቅር የሚሉበትን ልብ ይስጥልን። አሜን።