ወንበሩ ሳለ

እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? እርሳስሽን ቀርጸሽ አበቃሽ? መስኮቱን ከፈት አድርጊው እንጂ፣ ሠዓሊ ያለ ብርሃን ምን ይሠራል። እኔማ አራሚ ነኝ፤ ነጠላ ሰረዝ ለመልቀም ይቺ አምፖል ትበቃኛለች።

የፈሊጡ መጽሐፍ ሽፋን ከምሳ በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል አሉ... አንድ ስም ብቻ ይዞ። ሲያምር! ሁለት ስም ሽፋን ያጣብባል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ከሽፋን በላይማ የት ይውላል።

አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው አሉ። ማን እንደሆኑ አልነግርሽም፤ የኮምፔንሳቶው ግድግዳ ስስ ነው። ትጋታቸውን ብታዪ! አሥራ አራት ዓመት በጫማ ካርቶን ያጠራቀምኳቸውን ካርዶች ለሳምንት ላንብባቸው ብለው ወሰዱ፤ በሳምንቱ ደራሲ ሆኑ። ሌላው እኮ ዕድሜውን ይፈጃል። ዝም አይነቅዝም ሲሉ እውነት ነው፤ ዝም አልኩ፣ አልነቀዝኩም... ታተምኩ እንጂ።

መግቢያው ላይ ሁሉንም ከአረጋውያን አፍ ሰበሰብኩ ይላሉ። ገጽ አርባ ላይ "ወንበሩ ሳለ" የምትል አለች። እሷ ከእናቴ ሳሎን ወጥታ አታውቅም። እንግዳ ለመሄድ ሲቁነጠነጥ አሮጌው ወንበራችን ኧህ ኧህ ይላል፤ እናቴ ቀስ ብላ "ወንበሩ ሳለ" ስትለን ሮጠን ካፖርቱን እናመጣለን። ከእኛ ቤት በቀር የሚያውቃት የለም። የትኛው ሽማግሌ ነገራቸው ይሆን? እናቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ!

ደግሞ አርመውልኛል፣ ይባረኩ። እሳቱን "ሳ" በንጉሡ "ሣ" ለወጡት። ለዚህ ነው ብሩሽ የያዘ ወንበር ሣዪ ያሉሽ? አትሳቂ። ምን ያድርጉ? እኔ ቃሏን ስሰማ የወንበሩ የተሰነጠቀ እግር፣ የእናቴ ጥቅሻ ይመጣብኛል። ካርዱ ላይ ግን ቃሏን እንጂ የሚታየኝን አልጻፍኩትም። ሲወስዱ... ይቅርታ፣ ሲያነቡ፣ እሱ እኔ ዘንድ ቀረ።

የፈሊጥ ነገር ይገርመኛል። ሲደጋገም ሥዕሉ ይጠፋና ትርጉሙ ብቻ ይቀራል። "ዓይን አውጣ" ሲባል የወጣ ዓይን የሚታየው ማን አለ? "እጀ ረጅም" ለእኔም ሌባ ማለት ብቻ ነበር፣ እጅ የሚባል አይታየኝም። ዘንድሮ ግን... ገና ሳልጨርሰው እጁ ቁልጭ ብሎ ይመጣል። ጥፍሩ የተከረከመ፣ እጅጌው ቡኒ ቁልፍ ያለው፣ የጫማ ካርቶን ያቀፈ። አንቺም ሳትቸገሪ ትሥዪዋለሽ።

ውይ፣ ሰማሽ? ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ወንበር ሳለ። እንግዳ ሊሄድ ይሆን... ወይስ ጠጋ አለ?

እኔ እንኳን ቅያሜ የለኝም። ክፉ ከአፌ አይወጣም። እናቴ ትመርቅ እንደነበረው ነው የምመርቃቸው፦ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ጤና ይስጣቸው፣ ማጣት አይያቸው፣ እጃቸው... እጃቸው ከቶ አይጠር።