ጠሪ የሌለው ጥሪ

አናጢው የእህቱን ልጅ ሻንጣ በእጁ፣ የልጁን ስልክ በኮቱ ኪስ ይዞ አውቶቡስ መናኸሪያ ደረሰ። ጎረምሳውን ወደ እናቱ ሊመልሰው ነው። ትናንት በመጋዝ ማሽኑ ላይ ሳንቃ እየገፋ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ ሳለ፣ ማሽኑ እጅጌውን ነክሶ ቀደደው። አናጢው ሮጦ ባያጠፋው ጣቱም አብሮ ይሄድ ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ማንን ቢያገኝ ጥሩ ነው? የመምህሩን ሴት ልጅ። ያ መምህር «ከአንተ ጠረጴዛው ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይጻፍበታል» ብሎ አናጢውን በልጅነቱ ከአራተኛ ክፍል ያባረረው ነው። ስድብ በጊዜ ይረሳል የሚሉ ሰዎች ተሰድበው አያውቁም። አናጢው እስከ ዛሬ ጠረጴዛ በሠራ ቁጥር ያስታውሰዋል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? መንገድ ነው?»

«እኔስ ወዴት እሄዳለሁ ልጄ። ይህን ሰነፍ ልሸኘው ነው። ስልክ ልቡን ሰልቦታል።»

«ስንፍና ከሆነ ደመወዝ ይከፈለኝ የነበረው ለዚያ ስንፍና ነው» አለች። «ወጣቶች የሚያፈጡበትን የስልክ አፕ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ።»

አናጢው በሆዱ «የመምህር ልጅ፣ መቼም ሳታስተምር አትውልም» አለ። በአፉ ግን «እንዴት ማለትሽ ነው?» አላት።

«ሰው አፑን ዘግቶ እንዳይሄድ ማድረግ ነበር ሥራዬ። ፎቶ ሲለጥፍ የወደዱለትን ሰዎች ቶሎ አናሳየውም፤ እናቆየዋለን። ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ሲል ባንድ ጊዜ እናፈስለታለን። ገጹም ታች የለውም፤ በጣት ወደ ላይ ቢገፉት ቢገፉት አያልቅም። ያለቀ ነገር ሰውን ስለሚያሰናብት ማለቂያውን አወጣነው።»

«ይሁን። ራሱን የገዛ ሰው ግን ማን ያስገድደዋል? እኔን እስቲ...»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አውጥቶ አየውና መለሰው። ወሬውን ሳይጨርስ ደግሞ ተንቀጠቀጠ፤ ደግሞ አወጣው።

«ማን ነው ጋሼ?»

«እናቱ ትሆናለች። እስቲ አንብቢልኝ።»

«‹ያመለጠህ ነገር አለ› ይላል።»

«ማን ነው የላከው?»

«ማንም።»

«ማንም ሲባል?»

«ሰው የለበትም። ልጁ ስለጠፋበት አፑ ራሱ እየተጣራ ነው። የትኛው ቃል ቶሎ እጅን ኪስ እንደሚያስገባ በብዙ ሺህ ሰው ላይ ሞክረን እንመርጥ ነበር። እርስዎም አወጡት፣ አይደል?»

አናጢው በሩ ተንኳኩቶ ሲከፍት ደጁ ባዶ የሆነበት ሰው መሰለ። ስልክ የሚጠላው እሱ፣ እጁ ሳያዘው ሄዶ ነበር። ዞር ብሎ ጎረምሳውን አየ። ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። አውራ ጣቱ የሻንጣውን ማንገቻ ወደ ላይ ይገፋል፤ ቆም ይላል፤ ደግሞ ይገፋል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምንም» አለ ልጁ።

እውነቱን ነው፤ አላወቀውም። አናጢው ከመጋዝ አፍ ያተረፈውን ጣት ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል።

«አጎቴ፣ ልተወው ሞክሬያለሁ» አለ ጎረምሳው አቀርቅሮ። «አጠፋዋለሁ፤ ሳላውቅ ከፍቼው እገኛለሁ። ሰነፍ ሲሉኝ ጊዜ ሰነፍ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ።»

አናጢው ይህን ነገር ያውቀዋል። ደነዝ የተባለ ልጅ ደነዝ ነኝ ብሎ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል እሱ ይጠየቅ።

«አንቺስ ሥራውን ለምን ተውሽው?» አላት።

«ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ተባሮ መጣ። ቀኑን ሙሉ ያፈጠጠው እኔ በሠራሁት ነገር ላይ ነበር። አባዬ ደግሞ ሰደቡት።»

«እሱንስ ይችሉበታል።»

ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «ጋሼ፣ መከለያ የሌለው መጋዝ ለልጅ ይሰጣሉ?»

«አብጃለሁ እንዴ?»

«እንግዲያው ስልኩንም ይከልሉት። አፑን ያጥፉት፤ ጥሪውን ይዝጉት። ሥራ ላይ የሁላችሁም ስልክ መሳቢያ ይግባ፣ የእርስዎም ጭምር። ወደ እናቱ ቢልኩት ግን ስልኩም አብሮት ይሳፈራል። ብቻውን አይችለውም።»

የአውቶቡሱ ረዳት «የቀረ ተሳፋሪ» እያለ ተጣራ። አናጢው ሻንጣውን አነሳና ጀርባውን ለአውቶቡሱ ሰጥቶ ወደ ሥራ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ጎረምሳው ግራ ተጋብቶ ተከተለው።

አፑ ጠፋ፤ በሥራ ሰዓት ስልኮቹ ሁሉ መሳቢያ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። ጎረምሳው ይነጫነጫል፤ እጁ ባዶ ኪሱን ይዳብሳል። አናጢው ግን ሰነፍ የሚለውን ቃል እርግፍ አድርጎ ተወ። ቀስ በቀስ ልጁ እንቅልፍ ተኛ፤ ምግብ ጣመው፤ የመጋዙን ድምፅ ሰምቶ ስለቱ መዶልዶሙን መለየት ጀመረ። ሰውን ከመስደብ በፊት ማን እንዳጠመደው መጠየቅ የሚያተርፈው ይህን ነው።

አንድ ቀን አናጢው የላገውን የጠረጴዛ ሳንቃ አቀበለው። ጎረምሳው አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ ሳንቃው ላይ አስኬደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አጎቴ፣ እዚህ ጋ ይሻክራል።»

አናጢው ዳበሰው። ይሻክራል። መላጊያውን አቀበለው።