ጋሽ ካሳሁንና የጨረር ብየዳ

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከመሃል ከተማ ወደ ባህል አዳራሽ ልሄድ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ውስጥ ዓይኖቹ ላይ ድንች የታሰረለት ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ድንቹ ክብ ክብ ተደርጎ ተቆርጦ በሻርፕ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። እኔ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ በማያገባኝ መግባት ከሙያዬ ጋር አብሮኝ ያረጀ ልማድ ነው። ስለዚህ ገና ሳልደላደል «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«መምህር ምንያህል! ድምፅዎ የት ይጠፋኛል» አለ ሰውየው። «ካሳሁን ነኝ፤ የግቢዎን በር የሠራሁት።»

«ጋሽ ካሳሁን! ምን አገኘዎት?»

«ምንም። ብየዳ መትቶኝ ነው።»

አነጋገራቸው ጉንፋን ያዘኝ እንደሚል ሰው ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት ግን ዝም ማለት አልቻለችም። ሐዳሳ ትባላለች፤ የእህታቸው ልጅ ናት። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ መካኒካል ምህንድስና ተምራ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የብረታ ብረት ሥራ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው።

«ምንም አይደለም ይላሉ እንጂ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ተደፋ እያሉ ነው ያደሩት» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አሁን ከሐኪም ቤት መምጣታችን ነው። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮታል፤ በዚሁ ከቀጠሉ ሥራው ራሱ ሊተውዎት ይችላል ብሏቸዋል ሐኪሙ። ነርሷ ድንቹን ፈትታ ብትጥለው ደግሞ ለካ በፌስታል ሌላ የተቆረጠ ይዘው ኖሯል!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በድንችና በወተት ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ።»

«ኖሩ እንጂ አልዳኑም ጋሼ። ድነው ቢሆንማ ድንቹ በየወሩ ባልተቆረጠ። ያቀዘቅዝልዎታል እንጂ አያክምም፤ ጭራሽ ቆሻሻ ያስገባል።»

ባጃጅ ነጂው ሳቀ። እኔም ሳቄን ዋጥ አድርጌ «የፊት መከላከያው ማስክስ የት ሄዶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ማስክማ ለጀማሪ ነው መምህር!» አሉኝ፤ በዚያ ሁኔታቸው እንኳ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የጋሽ ካሳሁን ብቻ ስህተት እንዳይመስልህ። በያጆቻችን ረጅሙን መስመር ሲበይዱ ማስክ ይይዙ ይሆናል። መጀመሪያ ብረትን ከብረት በነጥብ በነጥብ ሲያያይዙ ግን አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ ፊትን ዞር አድርጎ፣ ቸስ ማድረግ የአዋቂነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በቀን መቶ ጊዜ ቸስ የሚል ሰው መቶ ጊዜ ዓይኑን ይጠበሳል። ማንም ግን አይቆጥረውም፤ ሕመሙ የሚመጣው ሲመሽ ነዋ።

«ለማንኛውም አለቀ» አሉ ጋሽ ካሳሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «የብየዳ ቤቴን አከራየዋለሁ። ጀበና ይጣድበት፣ ፑል ይጫወቱበት፣ እንደፈለጉ። ዓይኔም እጄም ከድተውኛል።»

ለካ ዓይናቸው ብቻ አልነበረም ነገሩ። በከተማችን ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት ያላቸው ወይዘሮ አለምነሽ ዓሣ የሚታጠብበት የማይዝግ ብረት ገንዳ አዝዘዋቸው ነበር። ላሜራው ስስ ነው። በሚቀልጠው የብየዳ ዘንግ፣ በኤሌክትሮድ ሲነኩት አንዱ ቦታ ተበሳ፣ ሌላው ተጣመመ። የተበሳውን በላይ በላዩ ደፍነው ቢያስረክቡ ገንዳው አፈሰሰ፤ ባልተስተካከለው ብየዳ ውስጥ የዓሣ ሥጋ እየተሰነቀረ ገማ። ወይዘሮዋ እጅግ በትሕትና፣ በጋሪ ጭነው መለሱት። በሠላሳ አንድ ዓመት ተመልሶ የመጣ ሥራቸው ይህ ብቻ ነው። ከዓይናቸው ይልቅ ያመማቸው እሱ እንደሆነ ዓይናቸውን ሳላይ እንኳ ገባኝ፤ እኔም አዘንኩ።

«ጋሼ፣ እጅዎ አልከዳዎትም» አለች ሐዳሳ። «ስስ ላሜራ የኤሌክትሮድ ሥራ አይደለም። ስንቴ ነገርኩዎት፤ እኛ ጋ በእጅ የሚያዝ የጨረር መበየጃ አለ። መጥተው ይዩት።»

«ሌዘር የምትሉት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ በስተርጅና መብራት ይዤ አልጫወትም።»

«ይዩትና ይናቁት ጋሽ ካሳሁን» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። «ሳያዩ መናቅ ለተማሪም አይፈቀድም።» ብረት የማውቀው በማንኪያ ደረጃ ስለሆነ ላየውም ጓጉቻለሁ። ሲያንገራግሩ ቆይተው በመጨረሻ ተስማሙ። «የአለምነሽን ገንዳ ትሠሪዋለሽ፤ ውሃ እንሞላዋለን። ጠብ ካለ ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አታነሺብኝም» አሉ። ሐዳሳም «እሺ» አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ካሳሁን ዓይናቸው ድኖ፣ ጥቁር የመንገድ መነጽር አድርገው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። የሐዳሳ የሥራ ቦታ ከውጭ ሲያዩት ተራ የቆርቆሮ ሼድ ነው። ውስጡ ግን አንዱ ጥግ በወፍራም ጥቁር መጋረጃ ተከልሏል። ከመጋረጃው ጀርባ የልብስ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ቆሟል፤ ከእሱ በሚወጣ ረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ሽጉጥ መሰል እጀታ አለ።

«ይቺ ናት?» አሉ ጋሽ ካሳሁን። «የአትክልት ማጠጫ ነው እንዴ የምትመስለው!»

ሐዳሳ ቀድማ የበየደችውን ቁራጭ ላሜራ ሰጠቻቸው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። «ይኼ ብየዳ ነው? ክር ነው እንጂ! ብየዳ ወፈር ሲል ነው የሚታመነው።»

«ጋሼ፣ ብየዳ የሚጠነክረው በውፍረቱ ሳይሆን ሁለቱ ብረቶች ቀልጠው አንድ ሲሆኑ ነው። ይምቱትና ይዩት።»

ብረት በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ መቱት። አጠፉት፣ መልሰው አቀኑት፣ እንደገና አጠፉት። ላሜራው ተጨማደደ እንጂ ብየዳው አልተላቀቀም። ሽማግሌው ሌላ መንገድ ፈለጉ።

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያኔ የእርስዎም ማሽን ይቆማል፤ አብረን ቁጭ ብለን እናወራለን።»

«ወፍራሙን የግቢ በርስ ይበይዳል?»

«አይበይድም፤ አልዋሽዎትም። ወፍራሙ፣ የዛገው፣ ቤት ድረስ ሄደው የሚሠሩት ሁሉ የኤሌክትሮድ ነው። ይህ ለስሱና ለንጹሁ ነው። እሳቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ላሜራው አይጣመምም። በመፍጫው በፍሌክስ መሞረድም እምብዛም አይፈልግም።»

«ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

«መስመሩን ለመጎተት ሁለት ሳምንት።»

ጋሽ ካሳሁን መዶሻውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እውነቱን ልንገርሽ ልጄ» አሉ። «እጄ ሳይንቀጠቀጥ አንድ መስመር ለመጎተት ዓመታት ፈጅቶብኛል። አንቺ በሁለት ሳምንት ተማርኩት ትዪኛለሽ። ታዲያ የእኔ ዕድሜ ምን ሊሆን ነው?»

ሐዳሳ የተጨማደደውን ላሜራ ከሞርሳው ፈታች። እኔም፣ ለሁሉ ነገር መልስ ያለኝ ሰው፣ ጫማዬን አየሁ።

«በሉ እንጀምር» አሉ እሳቸው፤ ጥቁር መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ማሽኑ ጠጋ አሉ። ሐዳሳ ያን ጊዜ የሠራችውን ነገር አልረሳውም። የማሽኑን ቁልፍ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

«ምነው?»

«በዚያ መነጽር አይሆንም ጋሼ። የኤሌክትሮዱ እሳት ዓይንዎን ሲመታ ማታ ያስለቅስዎታል፤ ያስለቀሰዎት ወዳጅዎ ነው፣ ተጠንቀቅ ይልዎታል። የዚህ ጨረር ግን አይታይም። ሲመታ ላያምዎት ይችላል፤ የዓይንዎን የውስጥ ግድግዳ አቃጥሎ ይሄዳል፤ ያም አይመለስም። የገበያ መነጽር ለእሱ እንደ መስኮት ነው። ለዚሁ የተሠራው መነጽር ይኸው፤ ከላዩ ማስክ ይደረጋል። መጋረጃውም የተሰቀለው ጨረሩ ከብረቱ ነጥሮ መንገደኛ እንዳይመታ ነው።»

«አንድ ነጥብ ብቻ ብነካስ? ዓይኔን ጨፍኜ?»

«አንድም ነጥብ ቢሆን። እርስዎ አጎቴ ነዎት፣ እናቴንም ያሳደጉ ነዎት፤ ቢቆጡኝ እሸከማለሁ። ቁልፉን ግን አልሰጥዎትም።»

ከእርሳቸው ጋር እንዲህ የተነጋገረ ሰው አላየሁም። ጋሽ ካሳሁን ቀና ብለው አዩዋት፤ ቁጣ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ጥቁሩን መነጽር አውልቀው ኮታቸው ኪስ ከተቱና እጃቸውን ዘረጉ። ለእኔም አንድ አረንጓዴ መነጽር ተሰጠኝ፤ ከላዩ ማስኩን ስደርብ የንብ ቀፎ የተሸከምኩ መሰለኝ።

ሐዳሳ የገንዳውን ላሜራ ራሷ ቆርጣ፣ ራሷ አጥፋ ገጣጥማው ነበር። ቁልፉን መልሳ አስገባች፤ የማሽኑን መቆንጠጫ ብረቱ ላይ ሰካች፤ የእጀታውን ጫፍ አስጠጋችና ቃታውን ሳበች። ሽሽሽ አለና አንዲት ትንሽ ነጭ ብርሃን መሮጥ ጀመረች። እጅግ ያምራል። ነገር ግን ማዕዘኑ ጋ ስትደርስ ጠሽ አለና ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ።

ጋሽ ካሳሁን ማስካቸውን አነሱና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሁለት ሳምንት! አየሽ ሁለት ሳምንት!»

ሐዳሳ ፊቷ ቀላ፤ ግን ሰበብ አልፈለገችም። «የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ማሽኑ ክፍተት አይወድም። በኤሌክትሮድ ክፍተቱን እየሞሉ ይሄዳሉ፤ ይህ ግን ሁለቱ ጠርዞች በደንብ ካልተሳሳሙ በመሃል ያልፋል። እኔ ደግሞ ስገጥም ሁልጊዜ ማዕዘኑ ላይ ይከፈትብኛል።»

የሽማግሌው ሳቅ ቆመ። ጎንበስ ብለው ማዕዘኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «መከፈቱማ አይቀርም» አሉ። «መጀመሪያ ይህን ጎን አጥፈሽ ነው ያኛውን የለካሽው። ላሜራ ሲታጠፍ ይረዝማል። አዲስ ላሜራ አምጪልኝ፤ ስኳድራና ሊማም አቀብዪኝ።»

ኮታቸውን አወለቁ። አንድ ሰዓት ያህል ሠሩ። በስኳድራው ማዕዘኑን ለኩ፣ ቆረጡ፣ አጠፉ፣ ጠርዙን በሊማ ሞረድ ሞረድ አደረጉ፣ እንደገና ለኩ። ሲጨርሱ ሐዳሳ በመገጣጠሚያው መካከል ወረቀት ልታሳልፍ ሞከረች፤ አልገባላትም። ከዚያ የጨረሩን እጀታ ለራሳቸው ሰጠቻቸው፤ ክርናቸውን ደግፋ አንድ ሁለት ጊዜ በቁራጭ ላይ አለማመደቻቸው። መነጽሩንና ማስኩን አስተካክለው ቃታውን ሳቡ። ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ብርሃኗ ሳትደናቀፍ አለፈች፤ የቀሩትንም መገጣጠሚያዎች እንዲሁ ጨረሱ።

ገንዳውን ሁለት ጡብ ላይ አስቀምጠን፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፈን፣ አፉ ድረስ ውሃ ሞላነው። ሻይ አስመጥተን ተቀመጥን። ጋሽ ካሳሁን ሻያቸውን ረስተው ጋዜጣውን ያያሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጎተት አድርገው አወጡትና በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ደረቅ ነበር። «ጌታ ይባረክ» አሉ በቀስታ።

«ጋሼ» አለች ሐዳሳ፣ «ቅድም ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ አጥቼ ነበር። መስመር መጎተት በሁለት ሳምንት ተማርኩ። እንዲህ መግጠም ግን አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬም አልተማርኩም። እርስዎ ከሌሉ ይህ ማሽን ላሜራ መብሻ ነው።»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ጋሽ ካሳሁን ሙያዬ እሳቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሙያቸው ግን ከእሳቱ በፊት ያለው ነበር፣ ልኩና ግጥሙ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሽማግሌዎቻችን ይሸሻሉ፤ ወጣቶቻችን ደግሞ መሣሪያውን ገዝተው ሽማግሌውን ይረሳሉ። ሁለቱም ይከስራሉ። እዚያ ሼድ ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጅ የነበረ ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ። ላሜራው አልተጣመመም፤ የፍሌክስ ብናኝ የማንንም ሳንባ አልሞላም፤ ዓሣ የሚሰነቀርበት ጎድጓዳ ብየዳም የለም። ዓይን የሚተርፈው ግን ማሽኑ ስለዘመነ ብቻ አይደለም። ሕጉ ሲከበር ነው፤ በጨረሩም በኤሌክትሮዱም፣ ለአንዲት ነጥብም ቢሆን። ይህን የሚያነበውን በያጅ ሁሉ እለምናለሁ፤ ማስኩን ልበስ ወንድሜ፣ ጀማሪ ቢሉህም ይበሉህ።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አለምነሽ መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር በጣታቸው ዳበሱ፤ ማዕዘኑንም በጥፍራቸው ጫሩ። ጋሽ ካሳሁን እንደ ተፈታኝ ተማሪ ቆመዋል።

«ብየዳው የታለ?» አሉ ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው።

«እጅዎ ሥር ነው» አሉ ጋሽ ካሳሁን፤ ፊታቸው በራ።

«ደግሞ ሌላ ሁለት ያስፈልገኛል። ግን ሥራ ሊያቆሙ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው እንዴ?»

ጋሽ ካሳሁን ለጥያቄው መልስ አልሰጡም። ወደ ሐዳሳ ዞረው «ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት ሰዓት፣ ጋሼ።»

«ዘግይታችኋል» አሉ፤ ሊማውን ጠርገው ኮታቸውን እያነሱ። «ነገ በአንድ ሰዓት ተኩል እዚህ ነኝ።»