ወጥታ የቀረችው ገጽ

የክፍል ኃላፊዋ በር ገርበብ ብሏል። ውጭ፣ የኮምፒውተር ሲስተም ሠራተኛዋ የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ተደግፋ ወሬ ይዛለች።

«ብርዱ ዛሬስ አይጣል ነው፣ እህቴ! መስኮቱን ዝጊው... በሩን ግን ተይው፣ አየር ይግባ።

አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ጠንቃቃ ናት ስልሽ ተራ ጥንቃቄ እንዳይመስልሽ! እንደኛው ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። የሕፃናት ክትባት ቀን የሚወጣበትን የድረ ገጽ ገጽ፣ ርእሱን ላሳምር ብላ በስሟ አወጣችው፣ ቼክ አውት አደረገችው። መቼም አንዱ ካወጣው ሌላው እጁን አያስገባም፤ ጨርሶ እስኪመልሰው፣ ቼክ ኢን እስኪያደርገው ድረስ ሕዝቡ የሚያየው የድሮውን እትም ነው። እሷ ታዲያ... ገጹን ሳትመልስ ሥልጠና ሄደች። አሥራ አንድ ቀን! አደራ መጠበቅ እንዲህ ነው እንጂ!

በመሀል ክትባቱ ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ዞረ። የድረ ገጹ አራሚ፣ ምስኪን፣ አዲሱን ቀን ጽፋ ይዛ፣ ‹ገጹን ልቀቂልኝ› ልትላት ሦስት ጊዜ ደወለች። ሥልጠና ላይ ስልክ ይነሳል እንዴ? ሥርዓት የምታውቅ ሴት! እናቶቹ ማክሰኞ ሕፃን ታቅፈው የተዘጋ በር ላይ ዝናብ ሲወርድባቸው ዋሉ... ምን አለበት፣ ይደርቃል።»

ውስጥ፣ የኃላፊዋ እጅ ማውሱ ላይ ቀረ። ከሥልጠና ከተመለሰች ገና ጥቂት ቀናት ናቸው። አራሚዋን በቸልተኝነት የከሰሰችበት፣ ለኮሚቴው የሚሄደው ደብዳቤ ፊቷ ተከፍቷል፤ ‹ላክ› የሚለውን መጫን ብቻ ነው የቀራት።

«ስትመለስ ቀኑን አስተካክላ፣ ኮሽ ሳታደርግ ቼክ ኢን አደረገችው። ቅልጥፍናዋ! ጥፋቱን ደግሞ ለአራሚዋ ሰጠቻት፤ ለጋስ ናት፣ ለራሷ ምንም አታስቀርም። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ያቺን የሁለት ልጆች እናት ሊያሰናብት ይቀመጣል አሉ።

ሲስተሙ ግን ምን ዓይነት ባለጌ ነው፣ እህቴ? ማን አወጣ፣ መቼ መለሰ... በየእትሙ ሥር ከነደቂቃው ጽፎ ያስቀምጣል። እኔ ምን አገባኝ? ካልተጠየቅኩ አልናገርም። ብጠየቅስ? መዋሸት አልችልበትም፤ እንደ እሷ አልተማርኩማ!»

ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። የሲስተም ሠራተኛዋ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ክፉ አይንካት ብቻ! ልጇ ዘንድሮ ተመርቃ ሥራ ልትጀምር ነው ሲሉ ሰማሁ። እሰይ! እግዜር ልክ እንደ እናቷ ያለች አለቃ ይስጣት... አሜን በይ እንጂ!»